ሰባት ቤት በስልክ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የሚስታችሁን ስልክ ቁጥር በቃላችሁ ታውቁታላችሁ? አይዟችሁ፣ እኔም አላውቀውም። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ ሦስት ልጅ ወልደን አሳድገን፣ ቁጥሯ ከ«ዜሮ ዘጠኝ» ወዲያ ይጠፋብኛል። ድሮ የጎረቤቱንም የመሥሪያ ቤቱንም ቁጥር እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን እንወጣው ነበር። ዛሬ ሁሉንም ለስልካችን አደራ ሰጥተን ባዶ እጃችንን፣ ኧረ ባዶ ጭንቅላታችንን እንንሸራሸራለን። አደራ ተቀባዩ ደግሞ ባትሪ የሚያልቅበት ፍጡር ነው። ይህን የምላችሁ ለጨዋታ ማሳመሪያ እንዳይመስላችሁ። ጨንቆኝ ነው።

የሟች ወንድሜ ልጅ ሮቤል ከአምስት ዓመት ጓደኛው ጋር ሊጋባ ቆርጦ፣ ሽማግሌ ሆነህ ሂድልኝ አለኝ። አባት የለው፣ ያለሁት እኔ ነኝ። የልጅቷ አባት አቶ መኮንን ዓለም ባንክ ሰፈር የሚኖሩ ጠንካራ ሰው ናቸው፤ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጄን አልሰጥም ብለው አስቀድመው አስጠንቅቀዋል። መቼም እስከ ሰባት ትውልድ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ እንደማይታሰብ ታውቃላችሁ። እኔ ግን አልሰጋሁም። አክስቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከመሞቷ በፊት አያት ቅድመ አያቶቻችንን አንድ በአንድ ስትጠራልኝ ስልኬ ላይ ጽፌያቸዋለሁ። ጽፌ አስቀመጥኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ከፍቼ አላየኋቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት ከእድራችን ሊቀ መንበር ከጋሽ በቀለ ጋር ከኮልፌ ተነሣን። ሮቤል የቤቱን ሎኬሽን ልኮልኝ ስለነበር ከታክሲ ስንወርድ ስልኬን እንደ ጧፍ ከፊቴ ይዤ መምራት ጀመርኩ። ጋሽ በቀለ ሰው እንጠይቅ ቢሉኝ ምን በወጣን አልኳቸው። ስልኩ አንዱን ቅያስ ሦስት ጊዜ ሲያዞረን የጉሊት ሴቶቹ ሳቁብን። አራተኛው ላይ ቤቱን አገኘነው። ያ ሁሉ ዙረት ባትሪዬን እየጠጣው እንደነበር ልብ አላልኩም።

እንደ ወጉ፣ ጥያቄያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆመን ለመንን። ጋሽ በቀለ ንግግሩን አሳመሩት። አቶ መኮንን አዳምጠው ሲያበቁ ወደኔ ዞሩና እስቲ የልጁን ዘር ይቁጠሩልኝ አሉ። ኪሴ ገባሁ። ስልኩን ተጫንኩት፤ ጥቁር። ደግሜ ተጫንኩት። ቻርጀር ስጡኝ እንዳልል፣ የገዛ አያቶቼን ሶኬት ላይ ልሰካ ነው?

«ሮቤል፣ ታደሰ፣ ካሣ፣ ወልዴ፣ አስፋው...» እስከዚህ እግዜር ረዳኝ። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። አላውቅም ብል ምን ነበረበት? ግን ነጭ ጋቢ ለብሻለሁ፤ በዚያ ላይ የታሪክ መምህር ነበርኩ፤ ስንቱን ተማሪ ስም አላጠናህም ብዬ ጥያለሁ! አፌ እንደመጣለት «እንግዳወርቅ» አለ። የየት አገር ሰው ናቸው ሲሉኝ፣ የመንዝ አልኳቸው። መንዝ ሰፊ ነው ብዬ።

የአቶ መኮንን ፊት ተለዋወጠ።

«እንግዳወርቅ የኔም ቅድመ አያት ናቸው፤ ከመንዝ ነው የመጡት» አሉ ዝግ ብለው። «እንግዲህ ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸው። ይቅር በሉኝ።»

ከጓዳ የልጅቷ ለቅሶ ተሰማ። እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወንድሜ ሲሞት አደራ ያለኝን ልጅ ትዳር በገዛ ምላሴ ላፈርሰው ነው።

«አቶ መኮንን፣ ዋሽቻለሁ» አልኩ። «ከአስፋው በላይ ያሉትን አላውቃቸውም። ዝርዝሩ ያለው ስልኬ ውስጥ ነው፣ ስልኬ ደግሞ ዘጋብኝ። እንግዳወርቅን ከራሴ ነው ያመጣሁት።»

ጋሽ በቀለ አንገታቸውን ደፉ። አቶ መኮንን አፍጥጠው አዩኝና፣ ጠብ ስጠብቅ ሳቅ ፈነቀላቸው። እሳቸውም የራሳቸውን ዘር ትናንት ከልጃቸው ስልክ ላይ ሲያጠኑ እንዳመሹ ነገሩን። ተቀመጡ ተባልን፤ ተቀመጥን። ልጅቷም ተሰጠች። ስንሰነባበት ግን እጄን ያዙኝ።

«ቤትዎ ሲገቡ ዝርዝሩን ይዩት። የሚያገናኘን ሰው ካለ ይደውሉልኝ። ከሌለ ዝም ይበሉ፤ ዝምታዎን እንደ ቃል እቆጥረዋለሁ።»

ቤቴ ገብቼ ስልኬን ሰካሁት። ምሳ ቀርቦልኝ እያለ ዝርዝሩን ከፈትኩ። ከአስፋው ቀጥሎ ያለውን ስም አየሁትና እንጀራው እጄ ላይ ቀረ። እንግዳወርቅ ይላል። አጠገቡም እኔው ራሴ የጻፍኩት፣ «ከመንዝ የመጣው»። ለካ አክስቴ የነገረችኝ የሆነ ጥግ ተቀምጦ ኖሯል። ፈጠርኩት ብዬ የተናዘዝኩት፣ ከአፌ ከወጣው ሁሉ እውነቱ እሱ ነበር።

እርግጥ የመንዝ እንግዳወርቅ አንድ ብቻ አይደለም እላለሁ ለራሴ። ጠይቄ እንዳላጣራ አክስቴ የለችም፤ ሌላ የሚያውቅ አልቀረልንም። ሮቤል በየቀኑ እየደወለ ይመርቀኛል፤ ድንኳን ተከራይቷል፣ የጥሪ ካርዱ ታትሟል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ? ውሸቱስ ቀልሎልኝ ነበር፤ የከበደኝ እውነቱ ነው። የአቶ መኮንን ቁጥር ስልኬ ላይ አለ፣ ባትሪውም ሙሉ ነው። እኔም ይኸው ሁለት ሳምንቴ፣ ዝም እንዳልኩ ነው።