2,521 አባላትን በእኩል ረድፍ ስለማሰለፍ

ማክሰኞ፣ የካቲት ዘጠኝ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የአዳራሹን ቁልፍ የያዘው ሰው የዓመት ፈቃድ በመውጣቱ የሹራብ ፋብሪካው ሠራተኞች ማኅበር የሰልፍ ኮሚቴ በክር መጋዘን ውስጥ ተሰበሰበ። ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት ሰብሳቢው፣ ሒሳብ ሹሟ፣ ኮሎኔል (ወታደር ሆነው አያውቁም፤ የጥበቃ ኃላፊ ናቸው) እና ይህን የሚጽፈው ጸሐፊ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው በጭንቅ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ በማኅበሩ የምሥረታ በዓል አባላት በእኩል ረድፍ ስለሚሰለፉበት ሁኔታ

ሰብሳቢው ያለፈው ዓመት ሰልፍ እንደተተረተረ ሹራብ እንደነበር አስታውሰው፣ ዘንድሮ ረድፉ ሁሉ እኩል ካልሆነ «እኔ ፊት ፊት አልሄድም!» አሉ። ሒሳብ ሹሟ የአባላቱ ቁጥር 2,521 መሆኑን፣ ይህም በሁለት ሲካፈል አንድ፣ በሦስትም አንድ፣ እስከ አሥር ባሉት በየትኛውም ቢካፈል ያው አንድ እንደሚተርፍ አስረዱ። ኮሎኔል «ከአሥር በላይስ ተሞክሯል?» ብለው ጠየቁ። ሒሳብ ሹሟ ምሳቸውን ሳይበሉ ሲሞክሩ መዋላቸውን፣ ቁጥሩ ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ከአንድና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው እንደሌለ ገለጹ።

ኮሎኔል ቁጥሩ ከማኅበሩ በላይ እንዳልሆነ አሳስበው ድምፅ ይሰጥበት አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ (ጸሐፊው እጁ ሥራ ላይ ነበር) 2,521 በአሥር እኩል እንዲካፈል ተወሰነ። ካልኩሌተሩ ውሳኔውን ባለመቀበሉ የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጠው።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

ኮሎኔል አንድ አባል ቢቀነስ ሁሉም ነገር እንደሚቃለል ሐሳብ አቀረቡ። ሒሳብ ሹሟ 2,520 ከአንድ እስከ አሥር ባሉት ሁሉ ያለ ትርፍ እንደሚካፈል አረጋግጠው፣ «ኧረ እንዴት ያለ ገራም ቁጥር ነው!» አሉ። በመጨረሻ የተመዘገበው አባል እንዲሰናበት ተወሰነ። በመጨረሻ የተመዘገበው ጸሐፊው ነው።

ጸሐፊው፣ እናቱ ልጄ በሰልፉ ያልፋል ብላ ለጎረቤት ሁሉ መናገሯን፣ መንገድ ዳር የምትቆምበትን ቦታም መርጣ መጨረሷን ገልጾ ክፉኛ ማዘኑን አሰማ። ተቃውሞው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝለትም ጠየቀ። ሰብሳቢው «ወንድሜ፣ የምትይዘው አንተ! ማን ከለከለህ?» አሉ። ጸሐፊው አባል ያልሆነ ሰው የያዘው ቃለ ጉባኤ በደንቡ መሠረት ዋጋ እንደሌለው ጠቅሶ ብዕሩን አስቀመጠ። ኮሎኔል አነሱትና ጻፉ፦

«ስብሰባው ቀጠለ። ሰው ብዙ ተናገረ። ኧረ ቀስ በሉ። እጄን አመመኝ።»

ጸሐፊው ብዕሩን መልሶ እንዲይዝ ተለመነ። አሻፈረኝ አለ። ሰብሳቢው «እሺ፣ አባል ነህ! በቃ፣ ጻፍ!» አሉ።

ውሳኔ፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ የካልኩሌተሩ ማስጠንቀቂያ ጭምር፣ ተሽሯል። 2,521 እንደ ቀድሞው አይካፈልም። ሰልፉ በአንድ ረድፍ፣ ሰው ከሰው ኋላ እየተከተለ ይሆናል፤ ፊት ሰብሳቢው፣ መጨረሻ ጸሐፊው። ሰብሳቢው «ጅራቱ እስኪያልፍ ማን ቆሞ ይጠብቃል?» ሲሉ ጠየቁ። ጸሐፊው «እናቴ» አለ። የተቃወመ የለም።

ስብሰባው አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ተበተነ።