ዝምታ የሚቀሰቅሳቸው ሰው

የአዳም ልጅ ሁለት ወገን ነው፤ ዝምታ የሚያስተኛውና ዝምታ የሚቀሰቅሰው። ሀብትና ድህነት፣ ከተማና ገጠር፣ ሌላው ልዩነት ሁሉ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። ፈጣሪም በጥበቡ ሁለቱን ወገኖች ለየብቻ አላሰፈራቸውም፤ አጋባቸው እንጂ።

ከሁለተኛው ወገን እናንተም ቤት አንድ አይጠፋም። ቴሌቪዥኑ ፊት አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል፤ ስታጠፉበት ብድግ ይልና «ለምን ዘጋችሁት? እያየሁ እኮ ነው» ይላል። አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን ይተኛል፤ ሞተሩ ሲጠፋ «ደረስን?» ብሎ ይነሳል። ለዚህ ወገን ንጉሥ ይመረጥለት ቢባል ግን ዘውዱ ከሐማው አናጢ ከሐጂ አቡ ሙንዚር ራስ አያልፍም ነበር።

በሶርያዋ ከተማ በሐማ ከወንዙ ውኃ የሚቀዱት ፎቅ ቤት የሚያክሉ የእንጨት መንኮራኩሮች ናቸው። እንጨት በእንጨት ላይ ሲዞር ያቃስታል። ያውም ማቃሰት ነው ወይ፤ ሰባት ግመል ባንዴ የሆድ ቁርጠት ይዟቸው የሚያጓሩ ይመስላል። አቡ ሙንዚር እነዚህን መንኮራኩሮች ሲጠግኑ ሃምሳ ዓመት ኖረዋል። አንድ ዐይናቸውን የእንጨት ፍንጣሪ ወሰደው። በቀረው ላይ ሞራ ሲጋርድበት ለቀዶ ጥገና ደማስቆ መጡ፤ ያረፉትም ልጃቸው ሩወይዳ ቤት ነው።

የሩወይዳ ባል ሙዋፈቅ ደግሞ የመጀመሪያው ወገን ሊቀ መንበር ነበር። ሥራው የመጻሕፍት አራሚነት ነው፤ የትምህርት መጻሕፍት ማተሚያ ቤት ከመግባታቸው በፊት ስህተታቸውን ይለቅማል። አራተኛ ፎቅ፣ በጓሮ በኩል ያለውን ቤት የገዛው ለጸጥታው ብሎ ነው። የወንበሮቹን እግር ሁሉ ጎማ አልብሷቸዋል። የግድግዳውን ሰዓት ቀጭ ቀጭ ስለሚል አቁሞታል፤ ስንት ሰዓት ነው ሲባል ጎረቤት ይጠየቃል። «ጸጥታ የአእምሮ ዳቦ ነው» የሚል አባባል ነበረው። ራሱ የፈጠረው ነው፤ ላልጠየቀውም ሁሉ ያካፍለዋል።

አማቱ በመጡበት ቀን ከምሳ በኋላ ጋደም አሉ። ቤቱ እንደ ወትሮው ጸጥ አለ። ሙዋፈቅ በቤቱ ኮራ። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ከመኝታ ክፍሉ ድምፅ መጣ።

«ልጆች፣ ምን ተፈጠረ?»

«ምንም አልተፈጠረም አጎቴ» አለ ሙዋፈቅ። እዚያ አገር አማት አጎት ይባላል።

«ታዲያ ለምን ዝም አለ?»

«ምኑ?»

«ሁሉ ነገር።»

ነገሩን ያስረዳችው ሩወይዳ ናት። ሐማ ውስጥ መንኮራኩር ድንገት ዝም ካለ ወይ ግንድ ተሰብሯል፣ ወይ የሚዋኝ ሰው ተይዞበታል። አናጢው ያኔ ጫማውን ሳያጠልቅ ይሮጣል። «አባባ ሃምሳ ዓመት በጩኸት ተኝቶ በዝምታ ሲሮጥ የኖረ ሰው ነው» አለችው። «ያንተ ቤት ለሱ እሳት አደጋ ማለት ነው።»

ሙዋፈቅ ይህ ስድብ ይሁን ምስጋና ሳይገባው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ክቡርነታቸው ሐጂ በገዛ እጃቸው ድምፅ ማፈላለግ ያዙ። መጀመሪያ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፍተው ተኙ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ወር የሰገነቱ ታንከር ባዶውን ቀረ፤ ከታች ያለችው ኡም ሸፊቅ ሳሙና እንደተቀባች ወጥታ «የሐማን ወንዝ ከፈለጋችሁ ለምን ሐማ አትሄዱም?» ብላ ተመለሰች። ቀጥሎ ሬዲዮኑን በሁለት ጣቢያ መሐል አድርገው እሽሽ ያሰኙት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሙዋፈቅ ወጥ ቤት ሲገባ አማቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጆሯቸውን ፍሪጁ ላይ ለጥፈው፣ በሰላም ያንቀላፋሉ። ኮቴውን አጥፍቶ ሊወጣ ሲል ፍሪጁ እንደ ልማዱ ተንቀጥቅጦ ጠፋ።

«ምን ተፈጠረ?» አሉ ሐጂ።

ሆስፒታል ሲሄዱ የደም ግፊታቸው መቶ ዘጠና ሆኖ ተገኘ። ዶክተሩ መሣሪያውን ከክንዳቸው ላይ እየፈታ «ሐጂ፣ ይተኛሉ?» አላቸው።

«እንቅልፌንማ ሐማ ትቼው መጣሁ።»

«በዚህ ግፊት ዐይን አልነካም። ደም ከፈሰሰ ያለዎትም ይሄዳል። እሑድ ተኝተው ይምጡ።»

ሙዋፈቅ የዚያን ቀን ከአማቱ ባልተናነሰ ደነገጠ። ሰውየው ሳሎን ገብተው ወንበሩን በእጃቸው እየዳበሱ ሲቀመጡ አየና ሐማ ደወለ። የሚስቱ ወንድም ሙንዚር የመንኮራኩር ድምፅ በካሴት ቀድቶ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ላከ። ከካሴቱም ጋር አንድ ፓኮ የአይብ ጣፋጭ መጣ፤ ሐማ ያለ ጣፋጭ ዕቃ አትልክም።

ካሴቱ ሲከፈት አቡ ሙንዚር ትራሳቸው ላይ ራሳቸውን አደላደሉ፤ ፈገግ አሉ። ሙዋፈቅ ለጸጥታ ሲል ጩኸት ያስገባ የመጀመሪያው የደማስቆ ሰው እንደሆነ እያሰበ በሩን ገርበብ አደረገ። ወዲያው አዛውንቱ ቁጭ አሉ።

«ይሄ የኛ አይደለም። ይሄ የወንዙ ማዶ ሰፈር መንኮራኩር ነው።»

«አጎቴ፣ መንኮራኩር መንኮራኩር አይደለም እንዴ?»

«ልጄ፣ የጎረቤት ሚስትም ሚስት ናት። እዚያ አይተኛም።» ጆሯቸውን አዘነበሉ። «ደግሞ አንዱ ድጋፍ ላልቶበታል። ለሙንዚር ደውልልኝ፣ ሰው ላይ ሳይወድቅ ይንገራቸው።»

ሙዋፈቅ ኮሪደር ወጥቶ ደወለ፤ ለምን የራሳቸውን ሰፈር እንዳልቀዳ ጠየቀው። ሙንዚር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኛውማ ከቆመ ሳምንት ሆነው። መሐል ግንዱ ተሰንጥቋል። አዲሱን ግንድ የሚለካልን ሰው ከአባባ ሌላ የለም። እንዳትነግረው፣ በዚያው ይነሳና ይመጣል። ዐይኑን ብቻ አስታክምልን።»

እሑድም ግፊቱ አልወረደም። «ሐሙስ የመጨረሻዬ ነው» አለ ዶክተሩ። «ከዚያ ሦስት ወር እዚህ የለሁም። ይሄ ዐይን ደግሞ ሦስት ወር መጠበቁን እንጃ።» ወደ ቤት ሲመለሱ ታክሲው ውስጥ ሐጂ እስከ በሩ ድረስ ተኙ። ሙዋፈቅ ሾፌሩን ሌላ ዙር እንዲያዞራቸው ለመነው።

ረቡዕ ማታ ሩወይዳ ደክማ ሳሎን ጋደም ስላለች አዳሩ የሙዋፈቅ ሆነ። የዘገየ ሥራ ነበረበት፤ ለእርሻ ትምህርት ቤት የተዘጋጀ፣ ስለ ጥጥ ተባይ የሚያትት ሁለት መቶ ገጽ። አማቱ አልጋ አጠገብ ተቀመጠ፣ መብራቱን ዝቅ አደረገ፣ እርሳሱን ቀረጸ፤ እንደ ልማዱ በፍጹም ጸጥታ ማረም ጀመረ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ሽማግሌው አንኮራፉ።

ሙዋፈቅ ማመን አቃተው። ሻይ ሊጎነጭ አረፍ ሲል «ምን ተፈጠረ?» አሉ። ወደ ገጹ ተመለሰ፤ አንኮራፉ። የወረቀቱ ኮሽታ ይሆናል ብሎ ወረቀቱን አንኮሻኮሸ፤ ሐጂ ተገላበጡ። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳ፤ ዐይናቸውን ገለጡ። ሩወይዳ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«አታቁም። አንብብ» አለች በሹክሹክታ።

«እያነበብኩ እኮ ነው። በልቤ ነው የማነበው።»

«በልብህ? ኡም ሸፊቅ ፎቅ ታች ሆና ስለ ጥጥ ተባይ የምታውቀው በማን ልብ ነው?»

«ድምፅ አላወጣም እኮ።»

«ታጉረመርማለህ። ነጥቡንም፣ ነጠላ ሰረዙንም፣ ቅንፉንም። የሐማ ልጅ ደማስቆ መጥታ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዴት የተኛች ይመስልሃል? በመጀመሪያው ሳምንት ወደ አባባ ልመለስ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ የመሬት አቀማመጥ መጽሐፍ ልታርም ተቀመጥክ።»

ሙዋፈቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጸጥተኛ ሰው ነኝ ብሎ ሲኮራ፣ ጎማ ያላለበሰው የቤት ዕቃ እሱ ራሱ ኖሯል። ሊከራከር ፈለገ። ሐጂ ግን «ምን ተ...» ብለው ሲጀምሩ ቶሎ ብሎ ወረቀቱን አነሳ።

«የጥጥ ትል በሦስት ደረጃ ያድጋል ነጥብ አዲስ መስመር በመጀመሪያው ደረጃ ነጠላ ሰረዝ...»

ሁለት መቶውን ገጽ ጨረሰ። ያረመውን ድጋሚ አረመ። ጎህ ሲቀድ ጉሮሮው እንደ ደረቀ ቆዳ ሆኖ ነበር፤ የሐጂ የደም ግፊት ግን ሐሙስ ጧት መቶ ሠላሳ አምስት ሆነ። ዶክተሩ በመሣሪያው ሁለት ጊዜ ለካ፤ አላመነም። አስገቧቸው።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነበር፤ እስከ ማታ በጀርባቸው ተኝተው ራሳቸውን ሳያነቃንቁ መዋል አለባቸው። ነርሷ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«ሙዋፈቅ የሚባለው ማነው? ሽማግሌው ምን ተፈጠረ እያሉ ሊነሱ ነው። ከተነሱ የተሰፋው ይፈታል።»

ገባ። ክፍሉ ነጭ ነበር፤ ጭጭ ያለ፣ እሱ ዕድሜ ልኩን ሲመኘው የኖረ ዓይነት ክፍል። አቡ ሙንዚር ዐይናቸው ታሽጎ፣ አንገታቸውን ከትራሱ ሊያነሱ ይታገላሉ። ሙዋፈቅ ግንባራቸውን በመዳፉ መለስ አደረገው። የጥጡን መጽሐፍ ለማተሚያ ቤቱ ልኮታል። ኪሱ ውስጥ የታክሲ ደረሰኝ እንኳ የለም። ዙሪያውን ሲቃኝ ግድግዳው ላይ አንድ ማስታወቂያ አየ። ጉሮሮውን ጠረገና በዚያ በሻከረ ድምፁ ጀመረ።

«የተከበራችሁ ጠያቂዎች ነጠላ ሰረዝ የሕሙማን ዕረፍት የፈውስ ግማሽ ነው ነጥብ አዲስ መስመር በዚህ ክፍል ውስጥ ፍጹም ጸጥታ ይከበር ነጥብ...»

ነርሷ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም ልታሰኘው መጣች። አልጋውን አየች። ጣቷን ቀስ ብላ አወረደች፤ ወንበርም አቀረበችለት።

ሙዋፈቅ ተቀመጠና እንደገና ከላይ ጀመረ።