በቢላዋ የተጠገነው ኢንተርኔት

ዕቃ ሲበላሽ የሰው ልጅ መጀመሪያ የሚፈልገው መፍቻ አይደለም፤ ጥፋተኛ ነው። እናንተም ያው ናችሁ፤ ሻይ ሲደፋባችሁ “ብርጭቆውን እዚህ ማን አስቀመጠው?” ነው የምትሉት። እኔ ግን ከእናንተም እብሳለሁ። ያፈርኩበትን ልንገራችሁና ፍረዱ።

ሞያሌ፣ በኬንያው ወገን፣ ማንያታ ሰፈር ውስጥ በአንዲት ኮምፒውተር ለሰው ቅጽ እየሞላሁ እኖራለሁ። ከግድግዳው ማዶ ስልክ ጠጋኙ ጉዮ አለ። ኢንተርኔቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ለእሱ በግድግዳው ቀዳዳ ገመድ አሳልፌለት እንጋራለን።

አንድ የየካቲት ቀን ኮምፒውተሬን ብከፍታት ቀኑን ረስታዋለች። ሆዷ ውስጥ ያለችው ትንሿ ባትሪ ሞታ ኖሯል። ቀን ሙላ አለችኝ፤ ሞላሁ። ከሰዓት በኋላ ነርስነት ለመማር የምታመለክተው ሐሊማ መጣች። ማመልከቻው ዐሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ገጹን ብነካው እምቢ አለ፤ አይታመንም፣ መረጃ ሊሰርቅ የፈለገ ሰው መሐል ገብቶ ይሆናል የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ የኢንተርኔቱን ሳጥን ነቅዬ ሰካሁ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ሐሊማ ጥፍሯን መብላት ጀመረች።

በመሥመሬ ላይ ከእኔ ሌላ ማን አለ? ጉዮ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም አደረግሁ። “ይሄ ሌባ” ብዬ፣ ሐሊማ እያየችኝ፣ ገመዱን በቢላዋ ቆረጥኩት።

ጉዮ ወዲያው መጣ። “ጋሼ፣ ዋያው ምን ሆነ?”

“ሌባ ራሱ ያውቃል” አልኩት።

ጉዮ ጎንበስ ብሎ በስክሪኑ ጥግ ያለውን ቀን አየ። “ይሄ ምዋካ የማን አገር ነው፣ ጋሼ?” ዓመቱን ማለቱ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ ቆጠራ ሞልቼዋለሁ። ስንት ዘመን እዚህ ኖሬ እጄ ግን አልተሰደደም። ሰዓታችን ከስዋሂሊው ጋር ስለሚገጥም ዓመቱም የገጠመ መስሎኝ እንደሆነ እንጃ። ኮምፒውተሯ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርታ የዛሬውን ገጽ አላምንም ማለቷ ነበር።

ጉዮ ቀኑን አስተካከለ። ገጹ ተከፈተ፤ ለዐሥር ሩብ ጉዳይ ሲል ቅጹ ሄደ። ሐሊማ እንባዋን ጠርጋ አመሰገነች። እኔን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

“በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ” አልኩት ጉዮን።

“ፖሌ፣ ጋሼ” አለኝ፤ ጭራሽ ለእኔ አዘነልኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩትን የሚለቅም ግን ሌላ ነው፤ በሰፈራችን ገመድ መቀጠል የሚችለው ጉዮ ብቻ ነውና የራሱን ገመድ ራሱ ሊጠግን ተቀመጠ። እኔ ጫፉን ያዝኩለት።

“የገመድ መላጫ አልያዝኩም” አለና እጁን ዘረጋ። “ቢላዋውን አቀብለኝ።”

እጀታውን ወደ እሱ አዙሬ አቀበልኩት።