የደበዘዘው ጉርድ ፎቶ

በእኛ አገር ሰው እንደ ደንቡ ፎቶ የሚነሳው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሲያገባና መታወቂያ ሲያወጣ። በመጀመሪያው ይስቃል፤ በሁለተኛው እንደ ተከሳሽ ይቆማል። አሁንማ ስልክ ስላለ ሁሉም ሁልጊዜ ይነሳል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ወረታ ላይ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚለያይበት ዝቅ ብሎ ፎቶ ቤት ላለኝ ለእኔ ይህን ማንም አያስተምረኝም፤ ባዶው ወንበሬ ይነግረኛል። ግን ስልክ የሚኖረው ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ባለቤቱ የሄደበት ይሄዳል።

ካሜራዬ ትንሽ ናት፤ ሌንሷ የሚፈታ ይሁን እንጂ ከመሰሎቿ ሁሉ ርካሿና ቀላሏ። ሻጩ «የጀማሪ ናት» ብሎ ሰጠኝ፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እየጀመርኩባት ነው። አንድ ጠባይ አላት፤ ያነጣጠርኩበትን ፊት ወለል አድርጋ ስታወጣ ከኋላው ያለውን ታደበዝዘዋለች። ሙሽሮች ይህን ይወዱላታል። ከኋላ ለቆመው ዘመድ ማን ይጨነቃል?

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው ተረት ፎገራ ላይ አይሠራም፤ ወንዛችን ርብ ሲመጣ አይስቅም። ባለፈው ነሐሴ ወንዙ ሞልቶ የሩዙን ማሳ በዋጠ ሰሞን፣ አበጀ የሚባል ወጣት ገበሬ ውሃ የከበበውን በሬውን ሊያወጣ ገባ። በሬው ወጣ። አበጀን ወንዙ ወደ ጣና ይዞት ሄደ፤ ስልኩም መታወቂያውም ኪሱ ውስጥ እንዳሉ። ታላቅ ወንድሙ ሙሉቀን ለገበያ አንበሳሜ ሄዶ ነበርና፣ እንደተመለሰ በታንኳ ሦስት ቀን ፈለገው። ምንም።

ሙሉቀን ገና ውሃ ላይ ሳለ እናታቸው እመት ዝማም ከአንዲት ጎረቤታቸው ጋር እኔ ዘንድ መጡ።

«ሬሳውን ውሃ ነሳኝ፤ መልኩን እንኳ ስጠኝ» አሉኝ። «ጥር ላይ የእህቴን ልጅ ሰርግ አንስተህ የለ? እዚያ ሳይኖር አይቀርም።»

ኮምፒዩተሩን ከፍቼ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ከሙሽራው ትከሻ ኋላ ጥለቱ ሰማያዊ የሆነ ጋቢ የለበሰ ደብዛዛ ጎረምሳ ብቅ ሲል፣ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉት። «ይኸው! ይኸው ጋቢው! ልጄ!» ጎረቤቲቱም እሪ አለች። እኔ ምን ልበል? ቆርጬ አሳደግኩት። ሲያድግ ይብሱን ደበዘዘ፤ ቅንድቡን ትንሽ አጠቆርኩ፣ አገጩን አወጣሁ። እግዜር የሠራውን ኮምፒዩተር ላይ ስጨርስ ማለት ነው። ከዚያ አትሜ፣ ፍሬም ውስጥ አግብቼ፣ ራሴ ለቅሶ ቤት ይዤው ሄድኩ።

ፎቶው ከፍ ሲል ድንኳኑ በጩኸት ተናወጠ። ያን ጊዜ ሙሉቀን እስከ ጉልበቱ ጭቃ እንደሆነ ገባ። ፎቶውን አየና ቀጥ ብሎ ቀረ። ሰው ሐዘኑ መስሎት ደግፎ ይዞት አለቀሰ። ቆይቶ እጄን ይዞ ከገለባ ክምሩ ጀርባ ወሰደኝ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ይኸ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ጋቢው?» አልኩት።

«ጋቢው ነው የሱ። ለሰርጉ አውሶኝ፣ እሱ ከብት የሚጠብቅ የለም ብሎ ቀረ።»

«አሁኑኑ ልንገራቸው፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ይተዉት፣ ጋሼ። እናቴ ልጇን ስንት ጊዜ ትጣ? እንዳይነግሯት።»

ተመልሶ ገባና ከራሱ ፎቶ ትይዩ ቆሞ ደረቱን ሲመታ አየሁት። በቁሙ የተለቀሰለት ሰው አይቼ አላውቅም ነበር፤ አብሮ የሚያለቅስ ደግሞ ጭራሽ። ከለቀስተኛው መሃል ያወቀ ይኖር ይሆናል። ግን ለቅሶ ላይ ማን ደፍሮ «ይኸኛውማ ይኸው ቆሟል» ይላል?

ለአርባው ተዝካር ሄድኩ። ፎቶው ግድግዳው ላይ ነው። እመት ዝማም ጠላ ሊቀዱልኝ ጎንበስ ሲሉ፣ «አንተ ፎቶ አንሺ» አሉኝ በዝግታ፣ «ሁለቱንም እኮ የወለድኳቸው እኔ ነኝ።»

ቀና ብዬ ፎቶውን አየሁት።

«ያን ቀን እንባው ጋረደኝ፤ ጋቢውን ሳይ ልቤ ሮጠ። በማግስቱ ዓይኔ ሲጠራ አወቅሁት። የቀረልኝን በቁሙ አስለቀስኩበት! ለነፍስ አባቴ እንኳ ለመናገር አፈርኩ።»

«ታዲያ ለምን አያወርዱትም?»

«ባወርደው ለምን ብሎ ይጠይቀኛላ! እናቴ ከሙታን ቆጠረችኝ ብሎ ይታመምብኛል። ደግሞስ አንድ ማሕፀን አይደል ያወጣቸው? አተኩሬ ሳየው አበጀም ትንሽ ትንሽ ይመጣልኛል።» ጠላውን አቀበሉኝ። «እንዳትነግርብኝ።»

ከዚያ ወዲህ የሰርጉን ፎቶዎች ሁሉ ደጋግሜ አገላበጥኩ። አበጀ አንዱም ላይ የለም። ከብት የሚጠብቅን ሰው ማን ያነሳዋል?

በገበያ ቀን እመት ዝማም ብቻቸውን ብቅ ብለው «ነገርከው እንዴ?» ይሉኛል። ጥቂት ቆይቶ ሙሉቀን ይመጣና «ነገሯት እንዴ?» ይለኛል። ለሁለቱም «ኧረ አልነገርኩም» እላለሁ። እውነቴን ነው። ከዚያ እናትና ልጅ ተከታትለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ፎቶው ሥር ተቀምጠው፣ ሁለቱም ቀና ሳይሉ፣ እራታቸውን ይበላሉ።