ለሦስት ለሁለት የሄደው የእማዬ በግ

ቁጭ በሉ። የቆማችሁ ቁጭ በሉ፤ የተቀመጣችሁ ደግሞ የሆነ ነገር ያዙ።

ዛሬ በከተማችን ሞላሌ፣ በደብራችን ንግሥ፣ አገር ምድሩ ነጭ ለብሶ በተሰበሰበበት፣ ስሜ በማይክ ሁለት ጊዜ ተጠራ።

በመጀመሪያው እልል ተባለልኝ።

በሁለተኛው... ቆይ፣ እሱ ጋ ለመድረስ አቅም ያስፈልገኛል።

ለአዲስ ገቢዎች፦ ብዙአየሁ እባላለሁ፣ ብዙዬ በሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ገበያው አጠገብ ሞባይል እጠግናለሁ። አላገባሁም። የቀዮቹ ደጋፊ ነኝ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይያያዛሉ የሚሉ ክፉ ሰዎች አሉ፣ ብሎክ አድርጌያቸዋለሁ።

የክለቤን ስም ሙሉውን አልጠራም። ያቃጠለኝ አንሶ ጭራሽ ማስታወቂያ ልሥራለት?

የድሮ ተከታዮቼ አቋሜን ታውቃላችሁ። የኛ አሰልጣኝ ተቀያሪ የሚያስገባው ሰው ጫማውን አድርጎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲል ነው። አጥቂያችን ጎል ፊት ሲደርስ እንደ እንግዳ ያፍራል፤ "እናንተ ቅደሙ" ብሎ ኳሷን ወደ ኋላ ይመልሳታል። ስለ ተከላካዮቻችን አልናገርም፣ ሐኪም ከልክሎኛል።

ሰማያዊዎቹስ? ተጫዋች የሚገዙት እኛ ሽንኩርት እንደምንገዛው ነው፣ በኪሎ! ግማሹ ሳይበላ ይበሰብሳል።

ነጮቹ በየዓመቱ "ዘንድሮ የኛ ነው" ይላሉ። ዘንድሮ እስካሁን አልመጣላቸውም።

እነዚያ ሌሎቹ ቀዮች ደግሞ፣ የኛ ያልሆኑት፣ ስለ ድሮ ዋንጫቸው ሲያወሩ የአያታቸውን ርስት የሚከራከሩ ነው የሚመስለው። ወንድሜ፣ መሬቱ ከተወሰደ ቆይቷል!

እሺ። ወደ ጉዱ።

ያለፈው ቅዳሜ ከሰማያዊዎቹ ጋር ጨዋታ ነበረን። አስናቀ ቤት ገባሁ። አስናቀ ማለት እዚህ ከተማ ኳስ የሚያሳየን ሰው ነው። ቤቱ የሱ፣ ሪሞቱ የሱ፣ የተሳሳተው ክለብም የሱ። ሰማያዊ ነው።

ሁለት ለአንድ እየተመራን ነው። ሰማንያኛው ደቂቃ ገባ። አስናቀ በየሁለት ደቂቃው እየዞረ ያየኛል፣ ፊቴን እንደ ሁለተኛ ስክሪን ነው የሚከታተለው።

ድርግም!

መብራት ሄደ።

ኔትወርኩም አብሮ ሄደ፣ ተነጋግረው ነው መሰለኝ። መስኮቱ በሸራ ስለተሸፈነ በጠራራ ፀሐይ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። አስናቀ ጄኔሬተሩን ሊያስነሳ ወጣ። ገመዱን ሲስብ ይሰማናል። ጄኔሬተሩ ያስነጥሳል፣ ዝም ይላል። ደግሞ ያስነጥሳል፣ ደግሞ ዝም።

እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ወንድ መሀል ብቸኛ ሴት ሆኜ፣ አፌ አመለጠኝ።

"ዛሬ ካሸነፍን ለንግሡ በግ አስገባለሁ!"

ጮክ ብዬ። ሰው ሁሉ እየሰማ!

ጄኔሬተሩ ተነሳ። ቴሌቪዥኑ በራ።

ሦስት ለሁለት። እኛ!

ሁለቱንም ጎሎች አላየሁም። በሕይወቴ ትልቁ ድል የተፈጸመው ጀርባዬን ሰጥቼ ጄኔሬተር ሳዳምጥ ነው። አግዳሚው ላይ ወጥቼ ዘፈንኩ፣ አግዳሚው ተሰበረ፣ ሌላ አግዳሚ ላይ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ነው ነገሩ የገባኝ።

ተስያለሁ እኮ! ሰዎች፣ እኛ አገር በብዙ ነገር ይቀለዳል፣ በስለት ግን አይቀለድም። እኔ ደግሞ ለሚቀጥለው ዙር ገና የምለምነው አለኝ።

የመጀመሪያ ችግር፦ በግ የለኝም።

እማዬ ግን አላት። አንድ ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው፣ እንደ ሊቀ መንበር የሚራመድ ሙክት። መኖውን የምገዛው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ቢያንስ ግማሹ የኔ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የፊት ግማሹ። የኋላው ግማሽ ከተከተለ ምን ላድርግ? ሐሙስ ገበያ ወጥቼ ሌላ ጥቁር እገዛለሁ፣ እማዬ ልዩነቱን ሳታይ ያልቃል።

(አዎ፣ አሁን ሳነበው እብደቱ ለኔም ይሰማኛል።)

ሁለተኛው ችግር ይብሳል። በኛ ደብር ስለት ዝም ብሎ አይገባም፣ በማይክ ይነገራል። "እገሌ ከሕመማቸው ስለተፈወሱ ጃንጥላ አስገብተዋል፣ እልል በሉ!" "እገሊት ልጅ ስላገኘች ምንጣፍ፣ እልል በሉ!" እስቲ አስቡት፦ "ብዙአየሁ ተቀያሪው በጭንቅላት ስላገባላት..."

አይሆንም!

ዛሬ ጠዋት እማዬ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ስላደረች ቤት የለችም። በጉን ፈትቼ አወጣሁ። የሚጎትትልኝ አስናቀ ነው፤ የተሸናፊ ደጋፊ ቅጣት ነው ብዬ ፈርጄበት ያለምንም ይግባኝ መጣ። በጋቢው ሥር ያንን ሰማያዊ ማሊያውን ለብሷል፣ ዓይን አውጣ።

ስለት የሚመዘግቡት ጋሽ ደምሴ ናቸው። መነጽራቸውን በክር አስረው የሚያደርጉ፣ በሕይወታቸው አንዲት ነጥብ ሳያስቀሩ የጻፉ ሽማግሌ።

"ስለቱ ስለምን ነበር ልጄ?"

"ጋሽዬ፣ ምክንያቱ ባይነገርልኝ?"

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። በጉን አዩ። ገመዱን የያዘውን አስናቀን አዩ። ተመልሰው በጉን አዩ። ከዚያ ፈገግ አሉ። ጋሽ ደምሴ! ፈገግ!

"ገባኝ ልጄ። እግዚአብሔር ይመስገን" አሉኝ።

ምን እንደገባቸው አልጠየቅኩም። ይሄን በሕይወቴ ካደረግኳቸው ስህተቶች ተራ መዝግቡልኝ።

ታቦቱ ዞሮ ቆመ። ማይኩ ጮኸ።

"ብዙአየሁ፣ የእትዬ አስካለ ልጅ፣ እሷና ፈጣሪዋ በሚያውቁት ጉዳይ ስለቷ ሰምሮላት አንድ ጥቁር በግ አስገብታለች! እልል በሉ!"

እልልታው ቀለጠ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዛ። ጃንጥላ ያስገቡት ሰውዬ እንደዚያ አልተባለላቸውም። በሴቶቹ በኩል የሚያለቅሱም አየሁ። ስንት የቀዮቹ ደጋፊ ነው እዚህ አገር ያለው ብዬ ልቤ ሞቅ አለው!

ከሴቶቹ መሀል እማዬ ወጣች። ነጠላዋ ወርዶ ይጎተታል። ትሮጣለች። እማዬ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ሮጣ አታውቅም።

"በጌ ነው! የኔ በግ ነው!"

አለቀልኝ። በንግሥ ቀን የእናቷን በግ የሰረቀች ተብዬ...

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"ልጄ! ደብቀሽኝ! ደብቀሽኝ ስለቴን አንቺው አስገባሽልኝ!"

"የምን ስለት እማዬ?"

አሁን ያዙኝ።

እማዬ ያንን በግ፣ ገና ግልገል ሳለ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ተስላበታለች። "ልጄ ባል ካገኘችልኝ" ብላ። ለዚህ ነው ፋሲካ ሲመጣ ሲሄድ የማይታረደው። ለዚህ ነው ነጋዴ ሲጠይቅ የማይሸጠው። በግ ሆዬ በኔ ላጤነት ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀልቦ ኖሯል!

ይሄን ጋሽ ደምሴ ያውቃሉ፣ ራሳቸው ናቸው የጻፉት። የእማዬ ጽዋ ማኅበር ያውቃል። ጎረቤት ያውቃል። በጉም ሳያውቅ አይቀርም። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እና ያ በግ፣ ምክንያቱ ሳይነገር፣ ገመዱን ወንድ ይዞት ሲገባ... እናንተስ ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር?

እማዬ ወደ አስናቀ ዞረች።

"የኔ ጌታ!" ብላ ሁለት ጉንጩን ሳመችው። ግንባሩን ደገመችው።

አስናቀ ነጭ ሆነ። ከዚያ ያለችውን አቅም ሰብስቦ እውነቱን ተናገረ፦

"እትዬ አስካለ፣ እኔ እኮ ሰማያዊ ነኝ!"

"ሰማያዊም ሁን አረንጓዴም ሁን፣ ልጄ ነህ!"

ሴቶቹ ከበቡን። አንዷ ከጾሙ በፊት ይሁን ትላለች። ሌላዋ ለጠላው ገብስ አለኝ ትላለች። አንዲት አሮጊት ወገቤን በእጃቸው ለክተው "ትወልዳለች" ብለው ፈረዱ። አስናቀ ገመዱን እንደያዘ ቆሟል፤ በጉ ከተወሰደ ቆይቷል፣ ገመዱን ብቻ ነው የያዘው።

ዝም ማለት እችል ነበር። ለአንድ ሳምንት። ለአንድ ወር። ግን እማዬ ስታለቅስ አገጯ ይንቀጠቀጣል፣ ታውቁት የለ እንደዚያ ሲሆን? አልቻልኩም። ግቢው ውስጥ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ወሰድኳት።

"እማዬ፣ ባል አይደለም።"

"ምንድነው ታዲያ?"

"ኳስ ነው።"

"የምን ኳስ?"

"ሰማያዊዎቹን አሸነፍን።"

ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት። ተሳደቢ፣ ምቺኝ ብዬ ጠበቅኩ። ነጠላዋን አንስታ ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፣ ያ ብቻ።

ይሄን ሁሉ ከኋላችን ቆመው የሰሙ ማን ናቸው?

ጋሽ ደምሴ!

"እንግዲያው የአስካለ ስለት አልተከፈለም ማለት ነው" አሉ። "እኔ ደግሞ ተከፍሏል ብዬ ሰርዣለሁ። በእግዚአብሔር ቤት ሕዝብ አሳስቼ ቤቴ አልገባም።"

"ጋሽዬ፣ በመድኃኔዓለም ይተዉት!"

"ሐሰት አጽፈሽኛል ልጄ።"

ወደ ማይኩ ሄዱ። ጋቢያቸውን ይዤ ነበር፣ ጋቢው እጄ ላይ ቀረ።

"ምእመናን፣ አንድ እርማት አለ። ቅድም የብዙአየሁ በግ የገባው ለጋብቻ አይደለም። ለጋብቻ የመሰላችሁ ይቅር በሉን። የገባው ለእግር ኳስ ነው።"

ጸጥ።

ቄሶቹ ጸጥ። ዲያቆናቱ ጸጥ። ከፊት የነበረ ሕፃን እንኳን ማልቀሱን አቆመ።

ከዚያ ከግንቡ በኩል አንድ ጎረምሳ ጮኸ፦

"ስንት ለስንት?"

ጋሽ ደምሴ ነጥብ አያስቀሩም ብያችሁ የለ? ዞረው ጠየቁኝ። በማይኩ። መለስኩላቸው። ምን ላድርግ?

"ሦስት ለሁለት!" አሉ ለምእመናኑ።

ከግንቡ በኩል እልልታ ፈነዳ፣ ቀዮቹ ናቸው። ከወዲያ በኩል ሰማያዊዎቹ "ኦፍሳይድ ነው!" ማለት ጀመሩ። ቄሰ ገበዙ በመቋሚያቸው ወደ በሩ አሳዩዋቸው። እኔ ነጠላዬን እስከ አገጬ ሸፍኜ ጠፋሁ። ቪዲዮው እጃችሁ የደረሰ፣ እባካችሁ አታጋሩት። ያጋራችሁትም አይቻችኋለሁ፣ ስልካችሁ ሲሰበር ወደኔ ነው የምትመጡት!

አሁን የማላስቅበት ክፍል።

እኔና እማዬ ወደ ቤት ስንሄድ አላናገረችኝም። በረቱ በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ባዶውን አየችው።

"ሲያሸንፉ ያን ያህል ደስ ይልሻል?" አለችኝ።

"አዎ እማዬ።"

"ምን ያህል?"

"አላውቅም። አግዳሚ ሰብሬያለሁ።"

ክፍቱን የበረት በር ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

"እኔም ዛሬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ነበር" አለች። "ለሩብ ሰዓት ያህል።"

ገባች።

ይሄው እስካሁን በረቱ በር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ። የአምስት ዓመት ሽንፈት ተሸክሜ ኮሜንት ስመልስ የኖርኩ ሰው፣ ለዚህች መልስ አጣሁ። ሐሙስ በጉን እተካለሁ፣ እሱ ቀላል ነው። ሩብ ሰዓቷን ግን ከየትኛው ገበያ ነው የምገዛላት?

ይሄን እየጻፍኩ ሳለ ሜሴጅ ገባ። አስናቀ ነው።

"ሐሙስ በጉን እኔ ልግዛው። ምክንያቱን ግን አንቺ ለጋሽ ደምሴ ትነግሪያቸዋለሽ።"

አምስት ጊዜ አነበብኩት። ስክሪኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሌላ ስልክ ላይ ከፍቼ አነበብኩት። ያው ነው።

ሰውየው ደህና ሰው ነው። ያንን ሁሉ መንገድ በግ ጎትቶልኛል። ስናሸንፍ የሰበርኩትን አግዳሚ ክፈይ አላለኝም። እናቴ ስታለቅስ ሲያይ ዓይኑን ሲጠርግም አይቼዋለሁ፣ በዚያ ማሊያው እጅጌ።

ግን ሰማያዊ እኮ ነው! ሰማያዊ! ልጆቻችን ምን ሊሆኑ ነው?

እስካሁን አልመለስኩለትም። ኦንላይን ሆኖ እየጠበቀ ነው።

ፍረዱኝ እስቲ፦ ለእናት ሲባል የሰማያዊ ደጋፊ ላግባ? ወይስ ቢያንስ እስከ መልሱ ጨዋታ ልጠብቅ?