የ«ሂዩጅሊ» ርዝመት በሜትር

የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፦ የሚያጋንን እና «ስንት በስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ነኝ፤ ከአፌ ትንሽ ነገር ወጥቶ አያውቅም። የመሥሪያ ቤታችን ዋና ቀያሽ ደግሞ የሁለተኛዎቹ ንጉሥ ናቸው።

እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። እኛ በሌሉበት «ክቡር ስንት-በስንት»፣ ባሉበት «ጋሼ» እንላቸዋለን። መሬት ሲለኩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሜትራቸው ለሠርግም ለለቅሶም ከቀበቷቸው አይወርድም። እህቴ ሰፊ ቤት ተከራየች ብላቸው «ስንት በስንት?» ይላሉ። የአጎቴ ልጅ ረጅም ነው ብላቸው «በጫማ ነው ያለ ጫማ?» ይላሉ። አንድ ጊዜ ጥርሴን አሞኝ፣ ጉንጬ አብጦ፣ «ጋሼ፣ ዛሬስ ፊቴ ቤት አክሏል» ስላቸው ቀረብ ብለው አዩኝና «ሁለት ሴንቲ ቢሆን ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እግዜር ይማርህ እንኳ አላሉኝም።

ምስጋናቸውም ያው በልክ ነው። ከአፋቸው የሚወጣው ትልቁ ሙገሳ «አይከፋም» ነው። የበኩር ልጃቸው በተወለደ ዕለት ምን ይመስላል ቢባሉ «አይከፋም» አሉ ይባላል፤ ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ይህን ይቅር አላሉም።

ጉድ ያመጣችውም ይቺው «አይከፋም» ናት። ከጋሼ ጠረጴዛ አጠገብ የፕላን ነዳፊያችን ትቀመጣለች። እሳቸው መስክ ወጥተው የለኩትን በደብተር ይዘው ይመጣሉ፤ እሷ ቁጥሩን ወደ ካርታ ትለውጠዋለች። እንዲህ ሲሠሩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ዝምተኛ ሴት ናት፤ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ «እርሳሴን ያያችሁ?» እያለች ቢሮውን የምታስስ። አምና ውጭ አገር ሄዳ የካርታ ሥራ ለመማር አመለከተች፤ የቅርብ አለቃ የድጋፍ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አምጪ ተባለች። ጋሼ አንድ መስመር ጻፉላት። «ሥራዋ አይከፋም» ይላል፣ እኔ ፈቃድ ላይ ሳለሁ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ። ጣሏት። ዘንድሮ ደግማ አመለከተች፤ ይሄኛው ካመለጣት ከዕድሜ ገደቡ ታልፋለችና ሦስተኛ የለም።

እኔ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጸሐፊ ነኝ። የአምናውን ቅጂ ፋይል ውስጥ ሳየው ደሜ ፈላ። በቀጥታ ጠረጴዛቸው ድረስ ሄድኩና «ጋሼ፣ እዚያ አገር አይከፋም ማለት ይከፋል ማለት ነው» አልኳቸው።

ሜትራቸውን ትንሽ መዘዝ አድርገው መልሰው ለቀቋት። «ታዲያ እነሱ ትልቅን ነገር ምን ይሉታል?» አሉኝ በመጨረሻ።

አመልክቶ የተሳካለት ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ፈልጌ አሳየኋቸው። በየመስመሩ አንዳንድ ተሰክቶበታል፦ ሂዩጅሊ፣ ማሲቭሊ፣ ቫስትሊ፣ ኢኖርመስሊ። ሁሉም ያው «በትልቁ፣ በግዙፉ» ማለት ናቸው ብዬ አስረዳሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካከሉና «የቱ ይበልጣል?» ብለው ጠየቁ። እኔ እንጃ! ስንት ዘመን እንግሊዝኛ ስጽፍ አስቤው አላውቅም።

መዝገበ ቃላት አወጣን። ሂዩጅሊን ብንከፍት ወደ ኢኖርመስሊ ላከን፤ ኢኖርመስሊ ወደ ኢሜንስሊ፤ ኢሜንስሊ ዞሮ ዞሮ ወደ ሂዩጅሊ። ልክ እንደኛ መሥሪያ ቤት፣ «ጉዳይዎ ሦስተኛ ፎቅ ነው» ተብሎ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ወደ ምድር ቤት እንደሚመለሱት። ጋሼ መጽሐፉን ዘጉና «ይሄ መለኪያ አይደለም» አሉ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ እኔንም ያዘኝ። እኛ ትልቅን በድምፅ ነው የምንለካው፤ «በጣ...ም» ብለን እንደ ነገሩ ስፋት እንጎትተዋለን፣ ካልበቃን እጃችንን እንዘረጋለን። ጋሼ ይህንንም ሰዓታቸውን ይዘው ለክተውታል። የኔ «በጣም ትልቅ» ሁለት ሰከንድ ተኩል ትፈጃለች አሉኝ፤ በሰው ፊት ደግሞ እስከ ሦስት።

ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ አንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር። ክቡር ስንት-በስንት ደብተር ይዘው አራት ቀን ሙሉ ተከተሉት። ሰውየው መጀመሪያ ሰላይ መስለውት ነበር አሉ፤ ኋላ ግን ለመዳቸው። በአምስተኛው ቀን ሠንጠረዡን ይዘው መጡ። ሰውየው በ«ማሲቭሊ» ዘገየሁ ያለ ቀን የዘገየው ዘጠኝ ደቂቃ ነው። በ«ሂዩጅሊ» ከባድ ያላት ሻንጣ ተመዘነች፤ አሥራ አራት ኪሎ። ስቴፕለር ላዋሰው ሰው ምስጋናው «ኢኖርመስሊ» ነው። የአሳንሰሩ አምፖል ሲቀየር አሳንሰሩ በ«ቫስትሊ» ተሻለ። በመጨረሻ ግን አብረው ወደ አንድ ግንባታ ሄዱ፤ የመሠረቱ ጉድጓድ ሁለት መቶ ሜትር በመቶ ሠላሳ፣ ጥልቀቱ ሃያ ስምንት። ሰውየው አፋፉ ላይ ቆመ፣ እጁን ኪሱ ከተተ፣ «ደህና ትልቅ ነው» አለ።

«እነዚህ ሰዎች» አሉ ጋሼ ደብተሩን እያጠፉ፣ «ትልልቁን ቃል ለትንሹ ነገር ይጨርሱትና ትልቁ ነገር ሲመጣ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።»

ይሁን እንጂ ደብዳቤው ዓርብ መሄድ ነበረበት። ሐሙስ ከምሳ በኋላ እኔ ራሴ አንድ ጻፍኩ። አሥራ አንድ «ሊ» አስገብቼበት፣ ላነበበው ሰው ነዳፊያችን ምድርን በእርሳሷ የፈጠረች ነበር የምትመስለው። በአማርኛ አስረዳኋቸው። ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ወረቀቱን ገፋ አደረጉት።

«ይህቺን ልጅ አላውቃትም» አሉ።

ከዚያ ከደብተራቸው ገንጥለው አንድ ቅጠል ሰጡኝ። አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ አንዲት ሳልቀንስ ወደ እንግሊዝኛ እንድመልሰው አዘዙኝ። እንዲህ ይላል፦

«በዘጠኝ ዓመት አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ካርታ ሠርታለች። በእሷ ሥራ ውስጥ ሦስት ስህተት አግኝቻለሁ። በእኔ ልኬት ውስጥ ስልሳ አንድ ስህተት አግኝታለች። ሁሉንም አርማለች። ለአለቆቼ አልነገረችም። ለእኔም አልነገረችኝም።»

ሁለቴ አነበብኩት። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የጋሼ ልኬት ተሳሳተ ሲባል ሰምቼ አላውቅም፤ እኛ ቤት በሳቸው ቁጥር ይማላል። ይሄ ደብዳቤ በሥራ አስኪያጁ ማህተም ነው የሚወጣው፣ ሥራ አስኪያጁ ማንበቡ አይቀርም። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ያነብ እንደሆነ ያንብብ አሉኝ።

እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው። ለካ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። አንድን ሰባት፣ ሰባትን አንድ ያደርጋሉ። ካርታው ላይ መስመሩ አልገጥም ሲላት እሷ በምሳ ሰዓት ብቻዋን ሄዳ እንደገና ትለካለች። ጫማዋ አቧራ ለብሶ በመጣ ቁጥር ጋሼ ማታ ደብተራቸውንና ካርታውን ያስተያያሉ፤ ሁልጊዜ ልክ የሆነው የእሷ ነው። ሊነግሯት ፈልገው ነበር። ግን «አላየሁም ብላ ያለፈችው ለክብሬ ነው፣ እኔስ ክብሯን ለምን እነካለሁ?» ብለው ተዉት።

«እሷ ከሄደች ማን ያርምልዎታል?» አልኳቸው።

«ሁለቴ እለካለሁ» አሉ።

ወደ ማሽኔ ዞሬ መጻፍ ጀመርኩ። እኚህን ሰው ነው እንግዲህ ስንት ዓመት በነገር ስወጋቸው የኖርኩት። ሥራ አስኪያጁም አነበበ፤ ቀና ብሎ አየኝና ማህተሙን አሳረፈ።

በስድስተኛው ሳምንት መልስ መጣ። አልፋለች። ቢሮው ተንጫጫ፤ ጋሼ ጨብጠዋት መስክ ወጡ። የድጋፍ ደብዳቤ ለተደጋፊው አይታይም፣ ደንብ ነው። እኔ ግን አላስቻለኝም፤ ቅጂውን አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት።

ቀስ ብላ አነበበች። ስልሳ አንድ የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈችበትና ቆመች። ዓይኗ ሞላ። እኔ መሐረብ ፍለጋ ኪሴን ስዳብስ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ፣ በሩን ዞር ብላ አየች፣ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች።

«ስልሳ ሁለት ናቸው» አለችኝ። «እንዳትነግራቸው።»