ጋሽ ይፈለጋልና ክብ ጫፍ ያለው ኪቦርድ

በየሰፈሩ ገመድ የማይጥል አንድ ሰው አይጠፋም። ሬዲዮው ከሞተ ዘመን ሆኖታል፤ ገመዱ ግን ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታስሮ፣ አልጋ ስር ይኖራል። ሊጥሉበት ሲሉ "ተዉት፣ ይፈለጋል!" ይላል። የዚህኛው ሰፈር ሰውዬ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ቃሉን ከማብዛቱ የተነሳ እናት አባቱ ያወጡለት ስም ተረስቶ "ክቡር ጋሽ ይፈለጋል" ሆኖ ቀርቷል። ቤቱ ውስጥ እንግዳ የሚቀመጥበት ወንበር ሊጠፋ ይችላል፤ ቻርጀር ግን አይጠፋም። አንድ ጎኑ የሞተ የጆሮ ማዳመጫ እንኳ አይጥልም። "በአንድ ጆሮው የሚሰማ ሰው ቢመጣስ?"

ሚስቱ የቢሮ ታይፒስት ነበረች። ዓይኗ ቀስ በቀስ ፈዞ ፈዞ ጨርሶ ጠፋ፤ ጣቶቿ ግን ፊደሉን አልረሱም። ሌላ ከተማ የምትኖር ታላቅ እህት አለቻት፤ እሷ ደግሞ ጆሮዋ አይሰማም። ስለዚህ ስልክ አይሆናቸውም። ታናሽየዋ ኮምፒውተሩ ላይ በተሰካው አሮጌ ኪቦርዷ ኢሜይል ትጽፋለች፣ ታላቅየዋ ትመልሳለች፣ ጋሽ ይፈለጋል መልሱን ጮክ ብሎ ያነብላታል። የኪቦርዱ ቁልፎች ጉብ ጉብ ያሉ ናቸው፤ ስትጽፍ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ የጣለ ይመስላል።

አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ጭስ ተፍቶ ሞተ። ልጃቸው አዲስ ገዝቶ ላከ። አዲሱ ላይ ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ የአሮጌው ኪቦርድ ክብ ጫፍ አይገባበትም። አብሮት የመጣው ኪቦርድ ደግሞ እንደ ትሪ ልሙጥ ነው። ጣቶቿ ተንከራተቱበት።

"የሰው ቤት ሆነብኝ" አለችና እጇን ሰበሰበች።

"እስከዚያው እኔ ልጻፍልሽ" አላት።

እሷ ስለ ጓሮው ሎሚ፣ ስለ እናታቸው፣ ስላየችው ህልም ስታወራ አረፈደች። እሱ በአንድ ጣቱ "ደህና ነኝ። ሎሚው ደህና ነው። አንቺስ?" ብሎ ላከ። ደጋግሞም እንዲሁ አደረገ። በመጨረሻ እህትየዋ ጻፈች፦ "ምን አስቀየምኩሽ? እንደማታውቂኝ ሰው ነው የምትጽፊልኝ።"

ጋሽ ይፈለጋል ይህን ሲያነብ ድምፁ ሰለለ።

"ምን ብለህ ነበር የጻፍክላት?"

"ያልሽኝን ነዋ... ትንሽ አሳጥሬ።"

ብትቆጣው ይሻለው ነበር። "እጄ ናፈቀኝ" ብቻ አለች።

ወዲያው አልጋ ስር ገባ። ሳጥን ገለበጠ፣ አቧራ ጠጣ፣ በመጨረሻም ክቡን ጫፍ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አዳፕተር ይዞ ብቅ አለ። "አላልኩም!" እያለ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። ሰካው። የኪቦርዱ መብራቶች አንዴ ብልጭ አሉና ድርግም። ነቅሎ ሰካው። እፍ አለበት። ቀዳዳ ቀየረ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው። ከሳጥኑ ሌላ አዳፕተር አወጣ፤ ያው ነው። "ተኝቶ ነው፣ ይነቃል" እያለ አመሸ።

በማግስቱ ኪቦርዱን እንደታመመ ልጅ ታቅፎ ጥገና ቤት ሄደ። ጠጋኟ አየችውና፣

"ጋሼ፣ ይሄ አዳፕተር ጫፉን ብቻ ነው የሚቀይረው። ኪቦርዱ የሚያወራው የድሮ ቋንቋ ነው፤ አዲሱ ኮምፒውተር አይገባውም። መሃል ገብቶ የሚያስተረጉም፣ ቺፕ ያለበት መቀየሪያ ነው የሚያስፈልገው" አለችው።

"እኔ ሳጥን ውስጥ አይጠፋም።"

"ይጠፋል ጋሼ። አዲስ መግዛት ነው።"

አዲስ! ለሌላ ሰው ቃል ነው፤ ለጋሽ ይፈለጋል ስድብ ነው። አገር ጉድ ይበል፣ ሳይከራከር ገዝቶ ወጣ።

ቤት ገብቶ ሲሰካው መብራቶቹ በሩ፤ አልጠፉምም። ሚስቱ ቁልፎቹን አንድ ባንድ ዳበሰቻቸው፣ ከዚያ ዝናቡ ጣለ። ስትጽፍ ሳቀች፣ ስትጽፍ አለቀሰች። ሻይዋ ቀዘቀዘ።

መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ። ጋሽ ይፈለጋል ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ፦ "መጣሽልኝ! እኔ እኮ አጣሁሽ ብዬ..." እያለ ወረደና ድንገት ቆመ። ከዚያ በታች ያለው የተጻፈው ለእሱ ነበር። "ይሄን የምታነብላት አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ። ካየኋት ስንት ዘመን ሆነ። ስትስቅ አሁን ምን እንደምትመስል ጻፍልኝ። ፊቷ እየጠፋብኝ ነው።"

"ምነው ዝም አልክ? ምን አለች?"

"መልክሽን ጠየቀችኝ። ስትስቂ ምን እንደምትመስዪ።"

"ሂድ ወዲያ!" ብላ ሳቀች።

ሳቋ እስኪያልቅ አያት። ከዚያ ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበና በዚያች በአንድ ጣቱ ቀጭ፣ ቀጭ ማድረግ ጀመረ። ሚስቱ ጆሮዋን ጥላ ብትጠብቅ ብትጠብቅ አያባራም።

"ረጅም ነው እንዴ?"

"ገና ዓይንሽ ጋ ነኝ" አላት።